ለትልልቅ አውሬ የሚሆን ጠመንጃ አመራረጥና አስተካከል



ጎሽ ወይም ዝሆን ለማደን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ትልቅነት ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን፣ ጠመንጃው ለያዡ ይስማማልን? የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 375 ማግነም አብዛኛውን ጊዜ 19.4 ግራም የሚመዝን አረር ይተኩሳል፤ በ1956 የወጣው የዊንቸስተር 458 ደግሞ 32.4 ግራም። የኋለኛው ኃይሉ ቢበልጥም ርግጫውም አብሮ ያይላል። ርግጫን የሚፈራ ተኳሽ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አረሩም ልብን ስቶ ሆድ ይመታል። ቆስሎ ጥሻ የገባ ጎሽ በቀሉን የሚወጣው ከፊት በሚሄደው ዱካ ተከታይ ላይ ነው።

ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል ከ1,000 ከሚበልጡት ዝሆኖቹ አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊሜትር ጥይት ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በርካታ የአፍሪካ አገሮች 375ን ዝቅተኛ መጠን አድርገው ስለ ደነገጉ፣ ከቤል የሚወረሰው አነጣጠሩ እንጂ ጥይቱ አይደለም።

ማስተካከሉ ከሰደፉ ይጀምራል። ርዝመቱ በተኳሹ ክንድ ልክ ይቆረጣል፤ ጫፉም ጎማ ይለብሳል። የማንገቻው ቀለበት በርግጫው ጊዜ ጣት እንዳይመታ ከእንጨቱ ወደ አፈሙዙ ብረት ይዛወራል። በ1898ቱ የማውዘር ሥሪት ላይ ያለው ሰፊ መንጠቆ ጥይቱን ከካዝናው ሲወጣ ጀምሮ ስለሚጨብጠው፣ በድንጋጤ ጊዜ ሁለት ጥይት እንዳይደራረብ ይረዳል። በመጨረሻም ጠመንጃው ለአደኑ በሚያዘው ጥይት ደጋግሞ ይፈተናል።

ጌጡና ቅርጻ ቅርጹ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ የዱካ ተከታዩ ሕይወት ግን ከሁሉ ይቀድማል።