ለሞተር ሳይክል ሰንሰለት በራሱ የሚሠራ ዘይት ማጠጫ ስለ መግጠም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ፥ ጋባዦቼ ስለ ሞተሩ ወይም ስለ ካምቢዮው የምናገር ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የመረጥኩት ከክፍሎቹ ሁሉ የሚናቀውን ሰንሰለቱን ነው። ይህን ያደረግሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በጋራዥ ባሳለፍኩት ዘመን ከሰንሰለትና ከባለ ጥርስ መዘውሮቹ ይበልጥ ደጋግሜ የለወጥኩት ዕቃ የለም። ሁለተኛ፥ በዚሁ ጉዳይ የሠራሁት አንድ ጥፋት አለ፤ እርሱንም በየሻዩ ቤት በሹክሹክታ ከሚወራ ይልቅ እዚህ በመካከላችሁ ራሴ ብናገረው እመርጣለሁ።

ሰንሰለት ሲያረጅ «ተለጠጠ» እንላለን። አነጋገሩ ለጋራዥ ይበቃል እንጂ የሆነውን ነገር አይገልጽም። ሃንስ ሬኖልድ በ1880 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ባለ ሮለር ሰንሰለት መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በቡሽንግ ውስጥ የሚዞር ፒን፥ በቡሽንጉም ላይ የሚሽከረከር ሮለር አለው። ዘይት ሲያንስ ፒኑና ቡሽንጉ እርስ በርሳቸው ይፋፋቃሉ። ከአንዱ መጋጠሚያ የሚጠፋው ብረት ከፀጉር ውፍረት ባይበልጥም፥ ከመቶ በላይ በሆኑት መጋጠሚያዎች ሲደመር ሰንሰለቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ብረቱ አልተሳበም፤ ተበላ እንጂ።

ይህንንም በማስመሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። በትንንሾቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ አዘውትረን የምናገኘው ባለ 428 ቁጥር ሰንሰለት ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወጥረን 20 መጋጠሚያ ብንለካ አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 256.5 ከደረሰ 1 በመቶ፥ 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው። አምራቹ ከዚህ የጠበቀ ልክ ካላዘዘ በቀር፥ እኔ በመጀመሪያው ልክ መለዋወጫ አዝዛለሁ፤ በሁለተኛው ልክ ሞተር ሳይክሉን ከግቢ አላስወጣም። ያረጀ ሰንሰለት ጥርስ ይዘላል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። ተበጥሶ ከፊተኛው መዘውር ላይ ከተጠመጠመ የሞተሩን ቤት ሊሰነጥቅ፥ የኋላውንም ጎማ በሩጫ ላይ ቀጥ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ፥ በዝናብና በጭቃ ከተነዳ ደግሞ ወዲያውኑ ሰንሰለቱን ማጽዳትና ዘይት መቀባት። ይህን ትእዛዝ በየመመሪያው መጽሐፍ እናነባለን። ነገር ግን ማን ይፈጽመዋል? የክትባት ሣጥን ከኋላው አስሮ ቀኑን ሙሉ የጠጠር መንገድ ሲፈጭ የዋለ የጤና ሠራተኛ፥ ወይም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዞር መሽቶበት የገባ የግብርና ባለሙያ፥ በጨለማ ተንበርክኮ ሰንሰለት እንዲያጥብ ልንፈርድበት አይገባም። እንዲህ ያለውን ሰው «ግዴለሽ» የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው የሚረሳውን ሥራ መሣሪያው እንዲሠራው ማድረግ የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ከቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች አንዳንዶቹ ከራሳቸው ዘይት ጥቂት ጠብታ ወደ ኋላው ሰንሰለት እንዲደርስ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750ም የሞተሩን ዘይት በፊተኛው መዘውር ዘንግ በኩል ለሰንሰለቱ የሚሰጥ፥ መጠኑም በቪቴ የሚስተካከል መንገድ ነበረው። ኋላ በፒንና በቡሽንጉ መካከል ግራሶ ይዞ በጎማ ቀለበት የታሸገው ሰንሰለት ሲስፋፋ ይህ አሠራር እየቀረ ሄደ። ዛሬ ከሱቅ የሚገዙት ማጠጫዎች በኋላ በሞተር ሳይክሉ ላይ የሚገጠሙ ናቸው፤ ከእነዚህ በስፋት የታወቀው በስኮትላንድ የሚሠራው ስኮቶይለር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲሠራ በካርቡራተሩና በሞተሩ ራስ መካከል ያለው አየር ከውጭው አየር የሳሳ ይሆናል። በቀጭን የጎማ ቱቦ ይህ መሳብ ወደ ዘይት ዕቃው ይደርስና ውስጥ ያለውን ቫልቭ ያነሣዋል፤ ዘይቱም በራሱ ክብደት እየወረደ በሌላ ቱቦ ወደ ኋላው መዘውር ይንጠባጠባል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቀራል፤ ቫልቩም ይዘጋል። መንዳትም ሆነ ማቆም የነጂውን ትዝታ አይጠይቅም። መሳቡ ቫልቩን ከማንሣት በቀር ዘይቱን አይገፋም፤ ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ በሉልኝ።

መጠኑን በተመለከተ፥ በደቂቃ አንድ ጠብታ ገደማ ይበቃል። ይህም በሰዓት 60 ጠብታ፥ እንደ ዘይቱ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሃያ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በአንድ የቡና ሲኒ ዘይት ይህን ያህል መንገድ መሄድ ብክነት ነው የሚል ካለ፥ የሰንሰለትና የሁለቱን መዘውሮች ዋጋ ይጠይቅ።

ሲገጠም ከሁሉ የሚያስቸግረው የአፍንጫው፥ ማለትም የዘይት መውጫው ጫፍ ቦታ ነው። ከኋላው መዘውር ጎን ላይ በስሱ እንዲያርፍ፥ ታችኛው የሰንሰለት መስመር ወደ ጥርሱ በሚገባበት አጠገብ እንዲሆን እመክራለሁ። መዘውሩ ሲዞር ዘይቱን ከመሐል ወደ ዳር ይገፋዋል፤ በጥርሱ አድርጎም ከሮለሮቹ ዘንድ ያደርሰዋል። ዘይትን በቀጥታ ከሰንሰለቱ ላይ ማንጠባጠብ ግን ለነፋስ መስጠት ነው። የአፍንጫው መያዣ ከኋላው ሹካ ጋር በጠንካራ ብሎን መታሰር አለበት፤ በላላ ሽቦ የታሰረ አፍንጫ ከሰንሰለቱ ጋር ሲገባ አይቻለሁ። የመሳቢያው ቱቦ ደግሞ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳይኖረው ያስፈልጋል፤ አየር ከገባ የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል። መሳቢያ አፍ ተዘጋጅቶለት ያልመጣን ሞተር ለመብሳት የሚቸኩል ካለ፥ መጀመሪያ በአሮጌ ዕቃ ላይ ይለማመድ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከዓመታት በፊት፥ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብም ፈቃድም ባልነበረን ጊዜ፥ ከጉሉኮስ መስጫ ቱቦና ከትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ማጠጫ ሠርቼ ነበር። የጉሉኮሱ ተሽከርካሪ መቆንጠጫ ጠብታን ለመቁጠር እጅግ ምቹ ነው፤ በሥራዬም ኮርቼ ነበር። በደብረ ብርሃን፥ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ፥ ውርጭ ባለበት ጧት ሰዓቴን ይዤ በደቂቃ አንድ ጠብታ አድርጌ አስተካከልኩትና ሞተር ሳይክሉን ለነጂው አስረከብኩ። እርሱም በጣርማበር ዋሻ አልፎ፥ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ።

ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በብርድ እንደ ማር የወፈረው ዘይት በቆላው ሙቀት እንደ ውኃ ቀጠነ። መቆንጠጫው አልተነካም፤ ጠብታው ግን ተቆጥሮ የማያልቅ ሆነ። ትርፉ ዘይት በቸርኬው ላይ ወርዶ ከጎማው ጠርዝ ደረሰ። ነጂው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ጎን ሲያዘነብል የኋላው ጎማ ከሥሩ ሸሸ። የአንገቱ አጥንት ተሰበረ፤ ሁለት ወር ያህልም ከሥራ ቀረ። የቀኑን ሙቀት ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ዘይት በሙቀት እንደሚቀጥን ለተለማማጆቼ ሁልጊዜ የማስተምረው ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ «ይህ ነገር ከእንግዲህ አይገጠም» ያሉ ባልደረቦች ብዙ ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ ለመከራከር ፊት አልነበረኝም። ሆኖም ነጂውን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ያለኝ ሌላ ነበር። «ጋሼ፥ ዘይቱ በመብዛቱ ወደቅሁ፤ አምና ደግሞ በደረቀ ሰንሰለት ገደል አፍ ላይ ቆሜ ነበር። ልኩን ፈልጉለት» አለኝ።

ልኩን መፈለጉ እንዳሰብኩት ረጅም ሥራ አልነበረም። ማስተካከያውን ጧት በብርድ ሳይሆን ሞተር ሳይክሉ በሚሄድበት በጣም ሞቃት ስፍራ፥ በቀትር ማድረግ ነው። በደጋው ጠብታው ያንሳል፤ ቢያንስም ሰንሰለቱ ለጥቂት ሰዓት ይታገሣል፤ በዘይት የራሰ ጎማ ግን አይታገሥም። ነጂው ከደጋ ወደ ቆላ የሚመላለስ ከሆነ ማስተካከያው እጁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። በሙቀት ብዙ የማይለዋወጠውን ባለ ሁለት ቁጥር የሞተር ዘይት፥ ለምሳሌ 10-40 የሚባለውን መጠቀምም ችግሩን ያቃልላል። የተቃጠለ ዘይት ግን የብረት ብናኝ ስላለበት ፈጽሞ አይግባ። የጉሉኮሱንም ቱቦ ትቼዋለሁ፤ ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ አይዘጋም፤ ቱቦውም ከዘይት ጋር ሲቆይ ይደርቃል።

«ዘይት አቧራ ይስባል፤ በአቧራ አገር ሰንሰለት ደረቅ ቢሆን ይሻላል» የሚለውን ክርክር ከእናንተ መካከል የሚያነሣ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ወፍራም ግራሶ የያዘውን አሸዋ አይለቅም፤ ሰንሰለቱንም እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ቀጭን ዘይት ግን በጥቂቱ ሳያቋርጥ ሲመጣ የገባውን ብናኝ እያጠበ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ለዚህም ነው መዘውሩ ዳር የሚጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ በየሳምንቱ በላምባ በራሰ ጨርቅ መጥረግ የሚገባው። ባለ ጎማ ቀለበቱን ሰንሰለት በቤንዚን አትጠቡ፤ ቀለበቱን ያበላሻል። ሰንሰለቱ በሙሉ በሽፋን ለተዘጋባቸው እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ላሉት ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ሽፋኑን አለመጣል ይበቃል። በኤሌክትሪክ ለሚሄዱትና ሰንሰለት ላላቸው መሳብ የሚሰጥ ሞተር ስለሌላቸው፥ እንቅስቃሴ ሲሰማው በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ዓይነት ይገጠምላቸዋል።

በግቢው ውስጥ ያቆምኩትን ሞተር ሳይክል ከንግግሩ በኋላ ታዩታላችሁ። ቤንዚን መያዣው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀትም አንብቡት። «አዲስ ከተገጠመ ወይም ከተስተካከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ በየ20ው ቁም፤ የኋላውን ጎማ ጎን በነጭ ጨርቅ ጥረግ፤ ጨርቁ ላይ ዘይት ካየህ ማጠጫውን ዝጋና ጎማውን በሳሙና ሳታጥብ አትንዳ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፤ አንደኛው የእኔ፥ ሁለተኛው የነጂው።