«መግቢያ፦ 0»
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ የጉዞ ኮሚቴው ንግግር)



በሐምሌ ወር ወደ ቮያጀርስ ብሔራዊ ፓርክ ስላደረግነው ጉዞ እንድንናገር ታዘናል። ሒሳቡን የያዝነው እኛ ስለሆንን ከስሕተታችን እንጀምር። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ የለውም። ደስ ብሎን በበጀቱ ላይ «መግቢያ፦ 0» ብለን ጻፍን፤ እናንተም አጨበጨባችሁልን። ያላስተዋልነው ከፓርኩ ስፋት 40 በመቶ ያህሉ ውኃ መሆኑን ነው። መሀሉን የያዘው የካቤቶጋማ ልሳነ ምድር የመኪና መንገድ የለውም፤ ሐይቁ በበረዶ ካልረጋ በቀር የሚገባው በጀልባ ነው። ለጀልባ ደግሞ አንድ ዶላር አልያዝንም።

ከሚኒያፖሊስ አምስት ሰዓት ያህል ነድተን ሬይኒ ሐይቅ ዳር ቆምን። ማዶው ካናዳ ነው። የእግር መንገድ ስላለ በእሱ ገባን፤ ጥዱ አጥልቷል፣ ረግረጉን ፊላ ሞልቶታል፣ ውኃው እንደ ሻይ ጠቁሯል። የትንኙን ነገር አናነሳም።

የፓርኩ ሠራተኛ ስሙ ከየት እንደመጣ ነገረችን። ቮያጀር የሚባሉት በታንኳ የእንስሳት ቆዳ የሚያመላልሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች ነበሩ። ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው በየብስ ሲሻገሩ 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እሽግ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱን ደርበው፣ ጠፍሩን በግንባራቸው ይዘው ይሸከሙ ነበር። ይህን ስንተረጉም አንዲት እናታችን ሳቁና፣ «ታዲያ እኛ እንጦጦ ላይ ያደረግነው ምን ነበር? በእኛ ስም ማን ፓርክ ሰየመልን?» አሉ። በልጅነታቸው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ ይሸጡ ነበር። ጫካ ገብተው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ አጫወቱን። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልቸኮልንም።

ሌሎች ጎብኚዎች ጀልባ ሲሳፈሩ ዳር ቆመን አየን። ብዙዎቻችን ቆጨን። አንዲት እህታችን ግን እፎይ አለች፤ ወደ የመን በምን እንደተሻገረች የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ከመጪው ወር ጀምሮ ከየአባሉ 5 ዶላር ለጀልባ ይቀመጥ እንላለን። ለለቅሶና ለሕመም የተያዘው ገንዘብ አይነካም፤ በዚህ የተከራከራችሁን ልክ ነበራችሁ። መሳፈር የማትፈልግ ካለች ብቻዋን አትቀርም፣ ከኮሚቴው አንዳችን አብረናት እንቆያለን። ያለፈው ጉዞ ደረሰኞች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ እባካችሁ እዩልን።