ቁርጥማት ብለን የምናልፈው ሕመም

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ መገጣጠሚያ ስለሚያሳብጠው ሩማቶይድ አርትራይተስ እናወራለን።

እሱ፦ ብዙዎቻችን ግን «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» ብለን እናልፈዋለን።

እሷ፦ ችግሩ እሱ ነው! መንስኤው ብርድ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ማጥቃቱ ነው።

እሱ፦ ታዲያ በምን ይለያል? ጉልበቱን የማያመው ማን አለ?

እሷ፦ ጠዋት ላይ ይታወቃል። የሁለቱም እጅ ጣቶች አብጠውና ተሳስረው ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ ያቅታል። ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይፍታቱ ይቆያሉ።

እሱ፦ ለበሽታው የሚደረገው የደም ምርመራ ነጻ ከሆነስ?

እሷ፦ ያኔም በሽታው ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን እያደረገ ማየት አለበት።

እሱ፦ እስከዚያው ማስታገሻ ቢወሰድ ምን አለበት?

እሷ፦ ለጊዜው ደህና ነው፤ ግን በሽታው የመገጣጠሚያውን አጥንት መብላቱን አያቆምም። ያንን የሚገታው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት ነው።

እሱ፦ እዚህ ላይ ልጨምር፤ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።

እሷ፦ በትክክል! የደምና የጉበት ክትትልም ያስፈልገዋል።

እሱ፦ እንግዲህ ጣታችሁ ካበጠ፣ ሳይጣመም ሐኪም ዘንድ ሂዱ።