«ዋቤንዚ»፦ ስለ አንድ ነገድ አመጣጥ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ጉባኤ ይዤ የቀረብሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉን የፈጠሩት የቋንቋ ሊቃውንት አይደሉም፤ የምሥራቅ አፍሪካ እግረኛ ሕዝብ በመኪና ለሚያልፉት ታላላቅ ሰዎች ያወጣው ስም ነው። «ዋቤንዚ» ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ትርጉሙን ለማግኘት ቃሉን ለሁለት እንክፈለው። በስዋሂሊ ቋንቋ «ምቱ» ማለት ሰው፣ «ዋቱ» ማለት ሰዎች ነው። እንደዚሁም ከካምባ ነገድ የሆነ አንድ ሰው «ምካምባ»፣ ብዙዎች ሲሆኑ «ዋካምባ» ይባላሉ። «ቤንዚ» ደግሞ በ1886 ለሞተር መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው የጀርመናዊው መሐንዲስ የካርል ቤንዝ ስም ነው። ስዋሂሊ የባዕድ ቃል ሲዋስ መጨረሻውን በአናባቢ መዝጋት ስለሚወድ፣ «ባንክ» «ቤንኪ» እንደ ሆነ «ቤንዝ»ም «ቤንዚ» ሆነ። እንግዲህ «ዋቤንዚ» ማለት በመርሴዲስ ቤንዝ የሚሄድ ነገድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከአማርኛችን ጋር ብናስተያየው የቀልዱ ስለት ይታየናል። እኛ «ባለ» የምትለውን ቃል እናስቀድምና ባለ ርስት፣ ባለ መኪና፣ ባለ ሥልጣን እንላለን። በእኛ አነጋገር ሰውየው አንድ ነገር የያዘ ሰው ነው፤ የያዘውን ቢያጣ ተመልሶ ያው ሰው ይሆናል። የስዋሂሊው ቀልደኛ ግን ከዚህ አልፎ ሄደ። እነዚህ ሰዎች መኪና የያዙ ብቻ አይደሉም፤ ከየነገዳቸው ወጥተው አዲስ ነገድ ሆነዋል አለ። አንዱ ከኪኩዩ፣ ሌላው ከሉዎ፣ ሦስተኛው ከካምባ ቢወለድም፣ ቤንዙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ቋንቋቸውም ጥቅማቸውም አንድ ነው ማለቱ ነው።

ቃሉ የተስፋፋበት ዘመን ራሱ ብዙ ይነግረናል። ታንጋኒካ በ1961፣ ኡጋንዳ በ1962፣ ኬንያ በ1963 ነጻ ወጡ። ሕዝቡ ነጩ ገዥ ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩም አብሮ የሚነሣ መስሎት ነበር። ነገር ግን የቅኝ ገዥው ደመወዝ፣ የቅኝ ገዥው ቤትና መኪና በቦታቸው ቆዩና የተቀመጠባቸው ሰው ብቻ ተለወጠ። «ዋቤንዚ» የሚለው ቀልድ በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት በየአፉ ሲዞር የተገኘው ስለዚህ ነው።

አሁን እኛን ተማሪዎችን ወደሚነካው ልምጣ። በጥቅምት 1966 የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። የተቃወሙት መንግሥት ምሩቃንን ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲዘምቱ፣ በዚያም ጊዜ ከደመወዛቸው ከፊሉን ብቻ እንዲቀበሉ በማዘዙ ነው። መሪዎቹ ራሳቸው በከፍተኛ ደመወዝ እየኖሩ እኛን ስለ መሥዋዕትነት ያስተምሩናል አሉ። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ከ300 የሚበልጡትን ተማሪዎች ወደየመንደራቸው አባረሩ፤ ይሁን እንጂ ክሱን እውነት ነው ብለው ተቀብለው የራሳቸውን ደመወዝ በመቶ 20 ቀነሱ። የሚበዙት ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1967፣ የአሩሻው መግለጫ ወጣ። በዚህም መሠረት አንድ መሪ በኩባንያ ውስጥ አክሲዮን እንዳይኖረው፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይበላ፣ ቤት እንዳያከራይ ተከለከለ። ይህ ሕግ የዋቤንዚን ነገድ በአዋጅ ለማጥፋት የተደረገ ሙከራ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ኬንያ በበኩልዋ በ1971 የመንግሥት ሠራተኞች እንዲነግዱ የሚፈቅደውን የኮሚሲዮን ሐሳብ ተቀበለች። ታንዛኒያም ብትሆን በ1991 የመሪዎቹን ገደብ አላላች። በ2009 የኬንያ መንግሥት ሚኒስትሮቹ ትልልቁን መኪና መልሰው አነስተኛ ቮልስዋገን እንዲይዙ አዘዘ። መኪናው ሊለወጥ ይችላል፤ ስሙ ግን ከነትዝብቱ ቀረ።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ ይህ የጎረቤት ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን ይሉ ይሆናል። እኛም እኮ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። የስዋሂሊው ቀልድ በሚበላው ሰው ላይ ይስቃል፤ የእኛው ተረት ግን ያልበላውን ሞኝ ያደርገዋል። ከሁለቱ የትኛው ለአገር እንደሚበጅ ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ።

የዳሬሰላም ተማሪዎች ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። በመሪዎቻቸው ላይ ያቀረቡት ክስ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የጠየቁት የራሳቸው ደመወዝ እንዳይነካ ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር ቆሞ ያያቸው ገበሬ ወደ መኪናው ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ቢመስሉት አይፈረድበትም። ዲፕሎማ ለብዙዎቻችን የመኪና ቁልፍ ነው። በሹማምንት ላይ መሳቅ ቀላል ሲሆን፣ ከባዱ ቁልፉን በተቀበልን ማግሥት ከየትኛው ነገድ እንደምንቈጠር ከአሁኑ መወሰኑ ነው። ውይይታችን ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።