ከአማካዩ በስተኋላ ያለው ቡና



የሰቃ ቡና በብዙ ነገር ሊመዘን ይችላል፤ ይኸውም በመሬቱ ከፍታ፣ በፍሬው እርጥበት፣ በመዓዛው፣ በኮምጣጣነቱና በጣዕሙ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ በአማካይ ቍጥር ጠቅልለን እናልፋለን። ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣው ገበሬና እሸቱን ከበሰለው ደባልቆ መሬት ላይ የዘረጋው ገበሬ በአማካዩ ውስጥ እኩል ይሆናሉ። የትጉሁ ድካም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህም መላ ከተገኘለት ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጆን ቱኪና ባልደረቦቹ «ፕሪም 9» የተባለውን ፕሮግራም ሠርተው፣ እስከ 9 የሚደርሱ መለኪያዎችን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ እያዞሩ ለማየት አስቻሉ። ከዚያ በኋላ የወጣው «ጂጎቢ» ደግሞ ለማንም በነጻ የተሰጠ ነው። በከፍታው ሥዕል ላይ የደጋውን ቡና ነጥቦች ቀይ ብንቀባቸው፣ እነዚያው ነጥቦች በመዓዛው ሥዕል ላይም ወዲያው ይቀላሉ፤ ተሰብስበው ወይም ተበትነው እንደሆነ በዓይናችን እናያለን።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ጥያቄውን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ስለዚህ ከሌሎቹ ርቃ የቆመች አንዲት ነጥብ ብናገኝ፣ ስሕተት ናት ብለን ከመሰረዛችን በፊት ሰቃ ድረስ ሄደን ባለቤቷን እንጠይቅ። ነጥቧ የአንድ ሰው የዓመት ልፋት ናትና።