አንድ ዘር አገርን አይጠብቅም
(ስለ ስንዴ ዋግ ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



ገበሬው «ዋግ» ስለሚለው የስንዴ በሽታ ጥቂት ለመናገር ቆሜአለሁ። ነገሩ የእርሻ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዳቦ የሚበላ ሁሉ ጉዳዩ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዋግን የሚያመጣው የሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ሕይወት ነው። በስንዴ ላይ ሦስት ዓይነት አለ፤ የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ ይባላሉ። ብናኙ በነፋስ ተጭኖ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል። ጤዛ ባረጠበው ስንዴ ላይ ሲያርፍ ይበቅልና በመተንፈሻ ቀዳዳው ገብቶ የተክሉን ምግብ ይመጣል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰብሉ ዝገት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍሬው ይኮማተራል፤ በግንድ ዋግ የተያዘው አገዳም ተሰብሮ ይወድቃል።

ዋናው መከላከያ ዋግን የሚችል ዘር መዝራት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ዘር ከተገኘ በኋላ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ እንችላለን? የገዛ አገራችን ታሪክ «አይቻልም» ይለናል።

ኩብሳ የተባለው ስንዴ ምርቱ ጥሩ ስለ ነበረ በሰፊው ይዘራ ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳንና ጋላማን ክፉኛ መታ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ፊቱን ወደ ዲጋሉ አዞረ፤ ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበርና። በ1998 በኡጋንዳ ተገኝቶ ዓለምን ያስደነገጠውን፣ ዩጂ 99 የሚባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ተነሣ። ዲጋሉ በተዘራባቸው አንዳንድ ማሳዎች ምርቱ ጨርሶ ጠፋ።

ልብ በሉ፤ ዲጋሉ መጥፎ ዘር አልነበረም። ችግሩ አንድ ዘር ሰፊ አገር መሸፈኑ ነው። ዋግ ጠባዩን ይለዋውጣል። የመንደሩ ቤት ሁሉ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ከሆነ፣ ቁልፉን ያገኘ ሌባ የትኛውን ቤት ይተዋል?

«መድኃኒት ይረጭ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በጊዜ ከተረጨ ያድናል። ነገር ግን ዋጋው ለድኻ ገበሬ ከባድ ነው፤ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የተረጨው ደግሞ ከገንዘብ ኪሳራ በቀር እምብዛም አይጠቅምም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በአንድ አካባቢ የተለያዩ ዘሮች ይዘሩ፤ አዲስ ዘርም አሮጌው ሳይሸነፍ ተባዝቶ ገበሬው እጅ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ስለ ሆነ፣ ሳይዘራ የበቀለው የስንዴ ገቦ ይነቀል። ባሌን በመሰለ በበልግም በመኸርም ስንዴ በሚዘራበት አገር ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ምልክት እንደ ታየ ወሬው ለግብርና ሠራተኛ ይድረስ።

ይህን የመጨረሻውን እኛም ልንሠራው እንችላለን። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ማሳ ውስጥ ገብተን ቅጠሉን ገልበጥ አድርገን እንይ፤ ያየነውን ለሚመለከተው እንንገር። ለማዳበሪያ ተበድሮ የዘራ ገበሬ ሰብሉን በዋግ ቢያጣ፣ ዕዳው ግን አብሮት ይከርማል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ሳይስማማ አይቀርም።