አስከሬን የማይሸከመው ጎረቤቴ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕግና ልማድ ጥቂት ተናገር ስባል እኔ ምን አውቄ ብዬ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ስሞላ ነው። ነገር ግን አንድ መዝገብ ላይ የጻፍኳት ቃል እስከ ዛሬ ትቆጨኛለችና እሷኑ ላውራችሁ።

የተወለድኩት ከጣና በስተ ሰሜን፣ ደንቢያ ነው። ቤተ እስራኤሎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እናቴ ድስት ስትገዛ ሳንቲሙን በእጅ አይቀበሏትም፤ ውሃ ያለበት ገል ውስጥ ትጥለዋለች። እኛ ልጆች «አትንኩኝ» እያልን እንሰድባቸው ነበር። ኩራት መስሎን ነው። ለካ የባዕድ ሰው የነካ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም፤ መንደራቸውን ወንዝ ዳር የሚቆረቁሩትም ስለዚሁ ኖሯል።

በ1970 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ከተማ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠርኩ፤ የሰፈሩ እድርም ጸሐፊ አደረገኝ። ከአባላቱ አንዱ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበሩ። መዋጮ አያሳልፉም። ድንኳን ሲተከል ካስማ ይመታሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ሬሳ ያለበት ቤት ግን አይገቡም፤ ቃሬዛ አይዙም፤ መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ከሩቅ ይቆማሉ። ዳኛው «ያልተሸከመ እንዳልመጣ ይቆጠራል» አሉ፤ እኔም «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። መቀጫው አንድ ብር። በየቀብሩ ቀሪ፣ በየቀብሩ አንድ ብር። አንድ ቀን እንኳ አልተከራከሩም።

በኋላ አላስችል አለኝና «ጋሼ፣ ቆመው እያየሁዎት ቀሪ ብዬ እጽፋለሁ፤ ለምን ዝም ይላሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሬሳ ከነካሁ ሰባት ቀን ከቤቴ ውጭ ነኝ። ሰባት ቀን ወናፍ ካልነፋሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? አንድ ብሩ ይሻለኛል» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19ን ገለጥኩ። እውነትም አለ፤ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይነጻል። እኛስ ብንሆን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና የምናነሣው፣ በስምንተኛው ቀን የምንገርዘው፣ የእሪያ ሥጋ የማንበላው ከየት አምጥተነው ነው? እነሱ ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ያዙት እንጂ ሌላ ምን አደረጉ?

ይህ ሕግ ከተማ ሲገባ ብቻ አይደለም የተቸገረው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ያህል ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። የእስራኤሉ ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን በ1965 ዓ.ም. መስክረውላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከደረሱ በኋላ «ለጥርጣሬው በውሃ ተጠመቁ» ተባሉ፤ በዚህም ተቆጥተው በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ኢየሩሳሌም ላይ ለአንድ ወር ያህል በተቃውሞ ተቀመጡ። ስንት ዘመን ስለ ኦሪት የተሰደበ ሰው እንዲህ ሲባል አይቆጣም ትላላችሁ?

የቀብሩ ነገር ከሁሉ ይገርመኛል። እዚያ አስከሬን የሚያጥበውና የሚቀብረው ለዚሁ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ እንደ እኛ እድር በሉት። ረቢዎቹ ቤተ መቅደሱ ስለሌለ የሬሳ ርኩሰት ሕግ ዛሬ የሚጠበቀው በካህናት ዘር ላይ ነው ይላሉ። ሐዘንተኛው ቀብሮ ቤቱ ይገባና ሰባት ቀን ይቀመጣል። በቄሶቹ ሕግ ሰባት ቀን ከቤት ውጭ የነበረው እዚያ ሰባት ቀን ቤት ውስጥ ሆነ! ሴቶቹም በወር አበባ ጊዜ የሚቀመጡባት የመርገም ጎጆ ፎቅ ቤት ላይ የት ትሠራለች? ለብቻ ክፍል ለይተው የቆዩ እናቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስግድን ግን አልተውትም፤ ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ያከብሩታል፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ተብሎ ታወጀ።

ወደ ባሕር ዳራችን ልመለስ። ዛሬ በእድራችን ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ወንጌላዊውም አለ። ፍትሐት ላይ የማይገባ አለ፤ ያረድነውን የማይበላ አለ። ደንባችን ግን ያንኑ የጎንደሩን ቃል ይዟል፤ ያልተሸከመ ቀሪ ነው ይላል። ድንኳን የተከለ፣ ውንጭፍ እንጨት የፈለጠ፣ ወንበር ያመላለሰ ሁሉ «ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፍ እላለሁ።

የዚያ ሰው መቀጫ ደምሬ ነበር፤ 23 ብር ሆኗል። ሳልመልስላቸው ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። ሐሳቡን በጽሑፍ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ ከሻይ በኋላ ድምፅ ይሰጥበት።